ከጅማ ወደ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ልውውጥ፦ በዲጂታል ዜግነት ፕሮግራም ለመሳተፍ ምን ይደረግ?

ጅማ ውስጥ የወጣቶች ልውውጥ በተነሳ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ቪዛው ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከታች አለ። አመልካቹን ከአመልካች የሚለየው ግን ቪዛ አይደለም። አዘጋጆቹ ማመልከቻ ሲያነቡ የሚፈልጉት ስለ ራሱ አካባቢ የሚናገረው ያለውን ወጣት ነው። የጅማ ወጣት ደግሞ በዚህ ርዕስ ላይ የሚናገረው ሞልቶታል። ስለዚህ መመሪያውን ከፓስፖርት ሳይሆን ይዛችሁ ከምትሄዱት ሐሳብ እጀምራለሁ።

የምታመለክቱበትን ነገር እወቁት

የወጣቶች ልውውጥ ከተለያዩ አገራት የመጡ ወጣቶች ለአጭር ጊዜ ተገናኝተው በአንድ ርዕስ ላይ አብረው የሚሠሩበት ፕሮግራም ነው። ስኮላርሺፕ አይደለም፤ ዲግሪም የሥራ ፈቃድም አያስገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ኤራስመስ ፕላስ በተባለው ፕሮግራሙ የሚደግፈው የፊት ለፊት ልውውጥ፣ የጉዞ ቀናት ሳይቆጠሩ፣ ከ5 እስከ 21 ቀን ይቆያል። ተሳታፊዎቹ ከ13 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ የቡድን መሪዎች ደግሞ ቢያንስ 18 ዓመት ሊሞላቸው ይገባል። ውሎው ሌክቸር መስማት ሳይሆን የቡድን ሥራ፣ ጨዋታ፣ ክርክርና ድራማ ነው። ጥግ ይዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ራሱም ብዙ አይጠቀምም፣ ሌላውንም አይጠቅምም።

«ዲጂታል ዜግነት»፣ ማለትም ኢንተርኔትን በንቃትና በኃላፊነት መጠቀም፣ ስሙ ይከብድ እንጂ ነገሩ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ገበያ ውስጥ አለ። «ከቴሌብር ነው የምደውለው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ አጭበርባሪ፣ ፎቶዋ ሳትፈቅድ በቴሌግራም የተሰራጨባት ተማሪ፣ የመጣላቸውን የባንክ መልእክት ማንበብ አቅቷቸው ስልካቸውን ለማያውቁት ልጅ የሚሰጡ እናት፣ በሐሰት ወሬ የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ ሁሉም የዚሁ ርዕስ አካል ናቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ራሱን ችሎ የቆመው የአውሮፓ ምክር ቤት ዲጂታል ዜግነትን በ3 ክፍል፣ በ10 መስክ ያደራጀዋል። አንደኛው ክፍል ተደራሽነትን፣ መማርና መፍጠርን እንዲሁም የሚዲያና መረጃ ዕውቀትን ይይዛል። ሁለተኛው ሥነ ምግባርንና ርኅራኄን፣ ጤናን እንዲሁም ኦንላይን ላይ ያለንን ገጽታ ይመለከታል። ሦስተኛው ተሳትፎን፣ መብትና ግዴታን፣ ግላዊነትንና ደህንነትን እንዲሁም የሸማች ንቃትን ይሸፍናል። ከማመልከታችሁ በፊት ከ10ሩ አንዱን ብቻ ምረጡ። «ሁሉም ይመቸኛል» የሚል አመልካች አንዱንም እንዳላሰበበት ይታወቅበታል።

የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ለዩ

ብዙ ወጣት ገንዘቡንም ተስፋውንም የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን በግልጽ ላስቀምጠው። የኤራስመስ ፕላስ የፊት ለፊት የወጣቶች ልውውጥ ለፕሮግራሙ አገራትና ለአውሮፓ ጎረቤቶች የተዘጋጀ ነው፤ ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቹ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ጅማ ተቀምጦ «የኤራስመስ የወጣቶች ልውውጥ ቦታ አለኝ፣ ክፈሉና ላስገባችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ለእኛ የተከፈተው በር «ቨርቹዋል ልውውጥ» የሚባለው ነው። በ2021–2027ቱ የኤራስመስ ፕላስ ዘመን ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገራት በዚህ ዘርፍ ተካተዋል። ከ13 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች በሠለጠነ አወያይ እየተመሩ፣ በትንንሽ ቡድን፣ በቪዲዮ ይወያያሉ፤ አብረው ፕሮጀክትም ይሠራሉ። ቪዛ የለው፣ ትኬት የለው። «ኦንላይን ነው» ብላችሁ አትናቁት። ለነገ የፊት ለፊት ማመልከቻ የሚሆን ልምድ፣ የምስክር ወረቀትና የሚያውቃችሁ ሰው የምታገኙት ከዚህ ነው። እኔ ምክር ስጠየቅ ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ።

ከዚህ ውጭ ተባባሪ ድርጅቶች በራሳቸው ገንዘብ የሚያዘጋጁት ልውውጥ አለ፤ ዩኔስኮ በየዓመቱ ከጥቅምት 24 እስከ 31 በፈረንጆች አቆጣጠር የሚያከብረው የሚዲያና መረጃ ዕውቀት ሳምንት አለ፤ በኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤዎች ዙሪያ የሚካሄዱ የወጣቶች መድረኮችም አሉ። ዓለም አቀፉ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ አበባ መካሄዱን አስታውሱ፤ ዓለም አቀፍ የሚባለው ሁሉ ባሕር ማዶ አይደለም። እንደ ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገራት የሚዘጋጀውንም አትለፉት፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የመግቢያው ጣጣ ከአውሮፓው እጅግ የቀለለ ነው።

ጥሪ ስታገኙ አጣሩ። ትክክለኛው የአውሮፓ ወጣቶች ፖርታል አድራሻው በ«ዩሮፓ ዶት ኢዩ» ያልቃል። አዘጋጁ ድርጅት ከዚህ በፊት ምን ሠርቷል? ያለፉ ተሳታፊዎችን ማነጋገር ይቻላል? የግብዣ ደብዳቤው የሚያድሩበትን ቦታ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና የመርሐ ግብሩን ዝርዝር ይጠቅሳል? «ቪዛ ዋስትና አለው» የሚል፣ በግል አካውንት ገንዘብ አስገቡ የሚል፣ ገና ሳትመረጡ የፓስፖርት ኮፒ የሚጠይቅና «ዛሬ ማታ ይዘጋል» እያለ የሚያጣድፍ ጥሪ ልውውጥ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ፓስፖርታችሁን ወስዶ «እኔ ጋ ይቀመጥ» የሚል ሰው ደግሞ ከዚህም የከፋ ዓላማ ሊኖረው ስለሚችል ለፖሊስ አመልክቱ።

ይዘታችሁን ከከተማችሁ ሰብስቡ

ጊዜያችሁን አብዝታችሁ አውሉት የምለው እዚህ ላይ ነው። ከማመልከቻው በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ደብተር ይዛችሁ ዙሩ።

ከቋንቋ ጀምሩ። የጅማ ልጅ በአንድ ቀን በአፋን ኦሮሞ ያወራል፣ በአማርኛ ይጽፋል፣ በእንግሊዝኛ ይማራል። የትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች የቁጥጥር ሥርዓት ግን ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ብዙ ቋንቋዎች ደካማ ነው። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ወዲያው የሚነሳ ስድብ በእኛ ቋንቋዎች ሲጻፍ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። የራሳችሁን ሪፖርቶች መዝግቡ፦ ምን አሳወቃችሁ? መልስ መጣ? በስንት ጊዜ? እንዲህ ያለው ትንሽ መዝገብ ከአንድ ገጽ ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል።

ሁለተኛው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ሐኪሙ ምን ሆነ? ያኔ የነበረውን የምታስታውሱ ናችሁና ንገሩ። ከሌላ አገር የሚመጣ ብዙ ወጣት ኢንተርኔት እንደ ውኃ ቧንቧ ሊዘጋ እንደሚችል ያወቀው በዜና ነው።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሱ ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ገና አዲስ ነው። የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ይሠራል፤ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጋቸው ደግሞ የሕፃናትን መረጃ እየተነተኑ ማስታወቂያ ማሳየትን ይከለክላል። እነዚህን አራቱን አንብባችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ ሐሰተኛ ወሬ ሲሠራጭ መጠየቅ ያለበት የጻፈው ሰው ነው ወይስ ያሰራጨው ኩባንያ? ክርክሩን የምታነሱት እናንተ ትሆናላችሁ።

የሚሠራ ልምምድም ይኑራችሁ። ለምሳሌ በክረምት «አወይቱ ወንዝ ሞልቶ መርካቶን ወሰደው» የሚል ፎቶ በቴሌግራም መጣ እንበል። ፎቶውን አስቀምጡና በፎቶ ፍለጋ በሚያደርገው በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ ከዚህ በፊት ሌላ አገር ወጥቶ ከሆነ ይገኛል። ካልተገኘ ፎቶውን አጉሉት፦ የመኪናው ታርጋ የማን አገር ነው? የሱቁ ጽሑፍ በምን ፊደል ነው? የባጃጁ ቀለም የጅማ ነው? ከዚያ እዚያው አካባቢ ለሚኖር ዘመድ ደውሉ። ይህን በ15 ደቂቃ ለማያውቁት ሰዎች ማሠራት ከቻላችሁ ማንኛውም ልውውጥ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ መምራት ትችላላችሁ።

ማመልከቻውን ጻፉ

«ለምን መሳተፍ ትፈልጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ በብዛት የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «እኔ ታታሪና ተግባቢ ወጣት ስሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ዓለምን የመለወጥ ሕልም አለኝ። ዕድሉን ብትሰጡኝ ደስተኛ ነኝ።» ይህን የትኛውም ሰው፣ ከየትኛውም ከተማ፣ ለየትኛውም ፕሮግራም ሊጽፈው ይችላል።

አሁን ይህን አንብቡ፦ «የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ዜና አነባለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ፈተና የወጣ ሐሰተኛ ማስታወቂያ በክፍል ቴሌግራም ግሩፓችን ሲዞር መምህራችንን አነጋግሬ ትክክለኛውን አነበብኩ። ብዙዎች ግን የመጀመሪያውን አምነው ቀርተው ነበር። እርማት ከወሬው ቀድሞ እንዲደርስ ሌሎች አገሮች ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስመለስ ሚኒ ሚዲያው በየሳምንቱ አንድ ወሬ የሚያጣራበት ዝግጅት እንጀምራለን፤ ርዕሰ መምህሩ ተስማምተዋል።» ቦታ፣ ድርጊት፣ ያልተፈታ ጥያቄና የመመለሻ ዕቅድ አለው። ቋንቋው የተሽሞነሞነ አይደለም፤ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው የሚታመነው። የእናንተው ከራሳችሁ ሕይወት ይምጣ፤ ይህንን እንዳለ አትገልብጡት፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፋችሁ እንዳለ አትላኩት። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ጻፋችሁት ነገር ትጠየቃላችሁ።

አብዛኛው ልውውጥ የሚቀበለው ግለሰብን ሳይሆን ድርጅት የላከውን ቡድን ነው። በወጣት ማዕከል፣ በዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ በተመዘገበ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ውስጥ ከሌላችሁ መጀመሪያ እዚያ ግቡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት መለያው ነውና ተማሪ ከሆናችሁ በአካባቢው ማኅበረሰብ ውስጥ የሠራችሁትን አትርሱ።

ቀንና ስም ላይ ተጠንቀቁ። የልደት ቀናችሁን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ልክ በፓስፖርት እንዳለው ጻፉ። ስም የጅማ ልጅ ልዩ ችግር ነው፦ ጫልቱ በቁቤ ስሟ በ«ሲ» ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ ላይ ግን በ«ሲ ኤች» ሊሆን ይችላል። በልደት ሰርተፊኬት፣ በፋይዳ፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት የተለያየ ከሆነ ገና ሳታመለክቱ አስተካክሉ፤ ቪዛ ክፍል ደርሶ ከሚያስቸግራችሁ እዚሁ ይለቅ።

ኦንላይን ስትሳተፉ

የሰዓት ነገር ብዙዎችን ከስብሰባ ያስቀራል። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በዚያ ላይ አቆጣጠራችን በ6 ይለያል። ብራሰልስ 17፡00 የተባለ ስብሰባ በሐምሌ ለእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ በጥር ግን ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ (በፈረንጆቹ) ሰዓታቸውን ያዞራሉ። የስልካችሁ ካላንደር ላይ ግብዣውን ከተቀበላችሁ ራሱ ያሰላዋል።

የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ አንድ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ስለሚችል ከሌላው ሰው ቪዲዮ ይልቅ ድምፅን አስቀድሙ፤ ራሳችሁን ካስተዋወቃችሁ በኋላ ካሜራ ለማጥፋት አወያዩን አስፈቅዱ። መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡና ስልኩን ቀድማችሁ ሙሉ፤ መስመር ቢቋረጥ በቴሌግራም የሚያገኛችሁ አንድ የቡድን አባል ይኑር። ቤት ውስጥ ጫጫታ ካለ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣት ማዕከል ክፍል ጠይቁ። ኢሜይላችሁንና ቴሌግራማችሁን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፉ፤ ስለ ዲጂታል ደህንነት እያወራ አካውንቱ የተጠለፈበት ሰው አትሁኑ።

በአካል ከተጋበዛችሁ

ፓስፖርት ከሌላችሁ ጥሪ ሳትጠብቁ አውጡ። ማመልከቻው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ይጀመራል፤ ክፍያውንም እዚያው አረጋግጡ።

ወደ ሼንገን አገራት፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ወደሚገባባቸው የአውሮፓ አገራት፣ ከሆነ ይህን ያዙ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። ለሌሎች የተለመደው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን እንዲሆን ወስኗል፤ የሚጠየቁ ሰነዶችን ማቅለልንና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አግዷል። ቀጠሮ ለማግኘትም ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ አዘጋጆቹ የግብዣ ደብዳቤ ቢያንስ 3 ወር ቀድመው እንዲልኩ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ለአውሮፓዊ ተሳታፊ አንድ ወር ይበቃዋልና ሳትነግሯቸው አያውቁም።

ፓስፖርቱ በ10 ዓመት ውስጥ የወጣ፣ ከመመለሻ ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የቪዛው ዋጋ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ወክለው እንዲህ ያለ ድርጅት ወዳዘጋጀው ትምህርታዊ ወይም ባህላዊ ዝግጅት የሚሄዱ ከክፍያው ነፃ የሚሆኑበት ድንጋጌ በቪዛ ሕጋቸው ላይ አለ። ድርጅታችሁ ይህን በደብዳቤው ላይ እንዲጠቅስ አድርጉ። የጣት አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ ግድ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በወልቂጤ መንገድ ሲኬድ ቀኑን ይወስዳል፤ ከቀጠሮው ዋዜማ ግቡ። አንዴ የተሰጠ አሻራ ለ59 ወር ያገለግላል።

ቆንስላው ማወቅ የሚፈልገው እንደምትመለሱ ነው። ከሬጅስትራር የተማሪነት ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ፣ ከላኪው ድርጅት ስትመለሱ የምትሠሩትን የሚገልጽ ደብዳቤ አቅርቡ። ከዘመድ ተበድሮ ለሳምንት ባንክ የሚቀመጥ ገንዘብ ያስታውቃል፤ አታድርጉት። ወጪውን አዘጋጁ የሚሸፍን ከሆነ ይህን የሚል ደብዳቤ ይበቃል። ሄዶ መቅረት ደግሞ ከራስ አልፎ ከኋላ ለሚመጡት የጅማ ልጆች በሩን ይዘጋል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አንዳንድ አገራት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ቤተሰብ

ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ቢሆንም የቤት ምርቃት ሳይዙ መሄድ ይከብዳል። የቡድን መሪው ቤት ድረስ ይምጣ፤ ቡና ላይ ተቀምጦ «እማማ፣ የሚጨነቁበትን ሁሉ ይጠይቁኝ» ይበል። ጥያቄዎቹ ይታወቃሉ፦ ልጄ የምታድረው የት ነው? ከማን ጋር? ምግቡ ሐላል ነው? ስትታመም ማን ያሳክማታል? መልሱን ከአዘጋጆቹ በጽሑፍ ይዛችሁ ቅረቡ። የክፍል አመዳደብ፣ የሐላልና የጾም ምግብ፣ የሶላት ጊዜ በምዝገባ ፎርሙ ላይ ሊገለጽ የሚገባ ነገር ነው፤ አትፈሩ፣ ጻፉት። ጥሩ አዘጋጅ ራሱ ይጠይቃል።

እዚያ ስትደርሱ

ፎቶ ከማንሳትና ከመለጠፍ በፊት አስፈቅዱ፤ ርዕሱ ራሱ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው አያሳስባችሁ፤ የሚያስቸግረው ዝም ማለት ነው። በባህል ምሽት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ ማሳየት ያስደስታል፤ ቡና ማፍላት ደግሞ ሁሉንም ይሰበስባል። ቡናውን ግን እዚሁ ቆልታችሁ ውሰዱ፤ በብዙ ማረፊያዎች ጣሪያ ላይ የጭስ ጠቋሚ ስላለ ቡና መቁላቱም ዕጣን ማጨሱም ደወል ያስጮኻል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀትና ደረሰኝ ሁሉ ያዙ፤ የመጓጓዣ ገንዘብ የሚመለሰው በእነሱ ነው።

ስትመለሱ

በኤራስመስ ፕላስ የወጣቶች ፕሮግራም ከሆነ «ዩዝፓስ» የሚባለውን የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ በውስጡ የተማራችሁትን የምትጽፉት እናንተው ናችሁ፤ ስለዚህ በየምሽቱ ጥቂት መስመር አስቀምጡ።

ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ስልጠና ስጡ፤ ከቆየ ይረሳል። አዳራሽ አያስፈልግም፤ አንድ የመማሪያ ክፍል፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 20 ያህል ልጆች በቂ ናቸው። ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ ምሩት። ያን የፎቶ ማጣራት ልምምድ አሠሯቸው፣ የራሳቸውን ስልክ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲቆልፉ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አግዙ። ከመካከላቸው ለሚቀጥለው ጥሪ ማመልከት የሚፈልጉትን ስማቸውን መዝግቡና የመጀመሪያ ረቂቃቸውን እናንተ አንብቡላቸው።